የሶፍትዌር ፍጥነት መለኪያ የማንን ጊዜ ይቆጥራል?

በስልክና በኮምፒዩተር የሚሰጡ በርካታ አገልግሎቶች እያንዳንዱ ተግባር የፈጀውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ እየመዘገቡ ለአቅራቢው ድርጅት ይልካሉ። ቴሌሜትሪ የሚባለው ይህ አሠራር ሶፍትዌሩ በተጠቃሚው እጅ ምን ያህል እንደሚፈጥን ከርቀት ለማወቅ የሚያስችል ሲሆን፣ ኩባንያዎች ምን መሻሻል እንዳለበት የሚወስኑትም በአብዛኛው ይህንኑ መዝገብ ተመልክተው ነው። ሆኖም መዝገቡ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ መኖሩን ያለፉት ዓመታት ተሞክሮዎች ያመለክታሉ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2017) በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክላውድፍሌር የተሰኘው የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ ችግር ገጠመው። የዓለም ሰዓት ከምድር ዙረት ጋር እንዲጣጣም በዚያች ቅጽበት አንድ ሰከንድ ተጨምሮ ስለነበር የኮምፒዩተሮቹ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። የኩባንያው ሶፍትዌር የድረ ገጾችን አድራሻ ለማግኘት ጥያቄ የላከበትን ሰዓት ምላሽ ካገኘበት ሰዓት ላይ እየቀነሰ ፍጥነትን ይለካ ነበርና ውጤቱ ከዜሮ በታች ሆነ። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች ዜሮ ሊመጣ እንደሚችል አስበዋል፤ ከዜሮ በታች ይወርዳል ብለው ግን አልጠበቁም። በዚህም ምክንያት ፕሮግራሙ ሥራውን ያቋረጠ ሲሆን፣ ችግሩ በበረታበት ሰዓት ለኩባንያው ከቀረቡት የአድራሻ ጥያቄዎች 0.2 በመቶ ያህሉ ተስተጓጉለዋል። ማስተካከያው አንዲት ምልክት መለወጥ ብቻ ነበር።

ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ባወጣው እትሙ ለጊዜ ልኬት ወደ ኋላ የማይመለስ ቆጣሪ መጠቀም ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተካሄደው የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባዔ የሰከንድ ጭማሪው አሠራር እስከ 2035 እንዲቀር ወስኗል። የኮምፒዩተሮች ሰዓት በኔትዎርክ አማካይነት መታረሙ ግን ስለማይቀር ጥንቃቄው አሁንም ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ሳለ በትንታኔው ላይ የሚፈጠረው ስህተት በዚህ ጸሐፊ እምነት ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ለዚህም ክሪስ ዛካሪያስ የተባለው የዩቲዩብ የቀድሞ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረገው ገጠመኝ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ባለሙያው 1.2 ሜጋባይት ይመዝን የነበረውን የቪዲዮ ገጽ ወደ 98 ኪሎባይት አውርዶ ለተወሰኑ ተጠቃሚዎች አቀረበ። የተሰበሰበው መረጃ ግን ገጹ ለመከፈት የሚፈጅበት አማካይ ጊዜ መጨመሩን አሳየ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር።

መረጃው በየአካባቢው ተለይቶ ሲታይ ምሥጢሩ ተገለጠ። በአፍሪካ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ የተጠቃሚው ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ አድጓል። በእነዚህ አካባቢዎች የቀድሞው ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ስለነበር የሚጠብቀው አልነበረም፤ ተስፋ ቆርጦ የተወ ሰውም በመዝገቡ ላይ አይታይም። አዲሱ ገጽ ከሁለት ደቂቃ በለጥ ባለ ጊዜ ሲከፈትላቸው እነርሱም ተቆጠሩ፣ አማካዩም ከፍ አለ። አማካዩ ብቻ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው እንደ ውድቀት በተቆጠረ ነበር።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቀው የድረ ገጾች መመዘኛ አማካይን ትቶ ከ100 ጉብኝቶች በ75ቱ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይጠይቃል። ይህ ከአማካይ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ የቀሩት 25 ጉብኝቶች አንድ ደቂቃ ቢፈጁም ድረ ገጹ መመዘኛውን ያልፋል፤ ደካማ መስመርና አሮጌ ስልክ ያላቸው ተጠቃሚዎች ደግሞ በብዛት የሚገኙት በእነዚሁ 25 ውስጥ ነው።