ከማቀዝቀዣው በፊት ጣሪያው

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር የተቆረቆረችውን ጎብዬን በግንቦት ወር በቀትር የሚያልፍ መንገደኛ፥ ከመኪና ሲወርድ ዓይኑ የሚሻው የዛፍ ጥላ እንጂ የቤት ውስጥ አይደለም፤ ቤት ሰውን ከዋዕይና ከቁር እንዲጋርድ የተበጀ ማኅደር ሆኖ ሳለ፥ በራያ ቆላ ባዶ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ከደጁ ይልቅ ስለሚግል፥ ሽማግሌና ሕፃን ሳይቀሩ መደባቸውን ትተው ወደ ዛፍ ሥር ይወጣሉ። ይህን ዋዕይ ለማራቅ አቅም ያለው ሁሉ ዛሬ ፊቱን ወደ ቬንትሌተርና ወደ ኤሲ መልሷል፤ እኔ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ሊወጣ የሚገባው በጣሪያው ላይ ነው እላለሁ።

አበው ቤት ሲሠሩ ግድግዳውን በጭድ በተቦካ ጭቃ መርገው፥ ጣሪያውን በሣር ይከድኑ ነበር፤ ወፍራሙ የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ የፀሐይን ትኩሳት አያሳልፍም፥ ጭቃውም ቀን የተቀበለውን ሙቀት አዘግይቶ ስለሚያስተላልፍ ትኩሳቱ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ደጁ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ቆርቆሮም የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይሻል፥ ምስጥ ይበላዋል፥ አንዲት የእሳት ብልጭታ መንደር ታጠፋበታለች፥ እርሻ እየሰፋ ግጦሽ በጠበበ መጠንም የክዳን ሣር ራሱ እየጠፋ ሄዷል። ስለዚህ ልጆቹን ከዝናብ ለማዳን ቆርቆሮ የመረጠውን ገበሬ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ጉድለቱ ቆርቆሮውን ስንቀበል ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚተካ ነገር ከሥሩ አለማድረጋችን ነው።

የፀሐይን መንገድ ማወቅም ለሠሪው የግድ ነው። ጎብዬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፥ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ወይም ጥቂት ወደ ሰሜን አዘንብላ ትውላለች፤ ስለዚህ ከግድግዳው ሁሉ ይልቅ የሚመታው ጣሪያው ነው፥ ከግድግዳም ጧት ምሥራቁ፥ ከሰዓት በኋላ ይልቁንም ምዕራቡ ይጠበሳል። ቤቱ በርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ትይዩ ቢከፈቱ፥ ነፋስ ያልፍበታል፥ ከጧቱና ከማታው ፀሐይም ይድናል። ነገር ግን አስፋልቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚዘልቅ፥ ደጁን ወደ መንገዱ ያዞረ ሱቅና ቤት ሁሉ በግድ ምሥራቅን ወይም ምዕራብን ይመለከታል፤ እንዲህ ላለው ቤት በረንዳ ጌጥ ሳይሆን ዋና አካል መሆን ነበረበት።

የጣሪያው መድኃኒት ኮርኒስ ነው። የቻለ በኮምፔንሳቶ፥ ያልቻለም ቀድሞ በከተማ ቤቶች ይደረግ እንደነበረው በአቡጀዲ፥ ወይም ተሰፍቶ በተወጠረ ማዳበሪያ ቢሸፍነው፥ የቆርቆሮው ግለት በቀጥታ በሰው አናት ላይ አያርፍም፤ ብቻ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚጠራቀመው ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በግራና በቀኝ ሊተውለት ይገባል። ያረጀና የዛገ ቆርቆሮ የፀሐይን ብርሃን ይውጣል፤ ነጭ ቀለም ሲቀባ ግን አብዛኛውን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፥ ከማውቃቸውም ዘዴዎች ሁሉ በጥቂት ወጪ ብዙ የሚያተርፈው ይህ ነው። በምዕራቡ ግድግዳ በኩል ከከብት መኖ የተረፈው የማሽላ አገዳ ዳስ ሆኖ ቢቆም ለጊዜው ይጋርዳል፥ ኒም ቢተከል ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የዛፍን ጸጋ የሚጠራጠር ሰው ካለ በግዝት ተጠብቆ ወደኖረ የቤተ ክርስቲያን ደን በቀትር ይግባ፤ ጽላሎቱና ከቅጠሉ የሚተነው እርጥበት የሚሰጡት እፎይታ ያለ ቆጣሪ የሚገኝ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ማሽን ቢፈለግ አልቃወምም። ቬንትሌተር ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ይበላል፤ የሚያቀዘቅዘው ክፍሉን ሳይሆን በፊቱ የተቀመጠውን ሰው፥ ላቡን እያደረቀ ስለሆነ ሰው በሌለበት ሊዞር አይገባም። የአንድ ክፍል ኤሲ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ኮርኒስ በሌለው ቤት ሙቀቱን ወደ ደጅ ባወጣ ቁጥር ከቆርቆሮው ሌላ ሙቀት ይወርድበታልና ዕረፍት የለውም፥ ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ መጠን የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ እንዲጨምር ሆኖ ተደልድሏል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያስደስተኛል፤ ሆኖም የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደዚህ ምድር ደርሶ መብራት ለወራት በጠፋ ጊዜ ማሽኑ ሁሉ ዝም ሲል፥ ዛፍና ኮርኒስ ሥራቸውን አላቋረጡም።

በደጋው፥ በዋድላና በመቄት፥ ጭንቀቱ ቁር ነው። ለዚያም ቢሆን የግድግዳን ስንጥቅ መድፈንና ኮርኒስ ማበጀት ይቀድማል፤ በዝግ ቤት ከሰል ማንደድ ግን ሽታ የሌለው መርዝ ስለሚያመነጭ ቤተ ሰብን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላልና ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል።

እንግዲህ ግለሰቡን ብቻ መምከር አይበቃም። በራያ ቆቦ ወረዳ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚሠሩና የሚያድሱ ሁሉ፥ ኮርኒስ፥ የአየር መውጫና በረንዳ የሌለውን ንድፍ እንዳያጸድቁ፥ የወረዳው አስተዳደርም እንዲህ ያለውን ሕንፃ እንዳይረከብ አጥብቄ አሳስባለሁ። ሥራው ከመማሪያ ክፍሎች ይጀመር፤ ተማሪው ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚዘጋጀው ዋዕዩ በሚበረታበት በግንቦትና በሰኔ፥ በዚያው ጣሪያ ሥር ነውና።