ያልተሠራ ሰዓት

በሚኒሶታ የምትኖሩ እኩዮቼ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲ የከፈታችሁ፣ በካውንቲው አማካሪ ኮሚቴ የተቀመጣችሁ፣ በዕድርና በሰበካ ጉባኤ ቃላችሁ የሚደመጥ ሁሉ፣ የምላችሁ ነገር ደስ አያሰኝም። በካውንቲ የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ አርጅቻለሁ፤ ፕሮግራም ሲወለድ አይቻለሁ፣ ሲያድግ አይቻለሁ፣ በአንድ ደብዳቤ ሲሞትም አይቻለሁ። ዛሬ በመካከላችን የማየው መላላት ከሞቱ በፊት የነበሩትን ወራት ስለሚያስታውሰኝ፣ ገና ጊዜ ሳለ መናገር ግድ ሆነብኝ።

ብዙዎቻችን ስናረጅ ሜዲኬር ይጦረናል ብለን ተቀምጠናል። ሜዲኬር ግን ከሆስፒታል ለወጣ ሰው በነርሲንግ ሆም የሚከፍለው ቢበዛ ለ100 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም መንገድ የሚሸከመው፣ ለማይችለው ሰው፣ በ1965 አብሮት የወጣው ሜዲኬይድ፣ እኛ ዘንድ ሜዲካል አሲስታንስ የሚባለው ነው። በዚህ ሕግ ውስጥ ደግሞ ልብ ያላልነው ልዩነት አለ። የነርሲንግ ሆሙን አልጋ ስቴቱ ወደደም ጠላም ይከፍላል፤ ጠዋት ቤት መጥታ እናታችንን የምታጥበው፣ የምታለብሰው፣ ቁርስ የምታቀርበው ሠራተኛ ክፍያ ግን በአብዛኛው ስቴቱ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። በ1981 የወጣው ሕግ ለቤት እንክብካቤ በር ከፈተ፤ በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማኅበረሰቡ መካከል መኖር የሚችልን ሰው ያለ በቂ ምክንያት በተቋም መዝጋት አድልዎ ነው ሲል ፈረደ፤ ያው ፍርድ ግን የስቴቱን አቅምም አብሮ እንዲመዘን አድርጓል። እንግዲህ ገንዘብ ሲያጥር፣ እምነትም ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው የቱ እንደሆነ መገመት አያቅትም። አልጋው ይቀራል፤ የቤቱ ሰዓት ይሄዳል። እንግሊዝኛ የማይሰሙ፣ በጾም ቀን የቀረበላቸውን ምግብ የማይነኩ፣ ሌሊት ለጸሎት የሚነሱ እናት ያን ጊዜ ወዴት እንደሚወሰዱ እናንተው አስቡት።

ይህ ባዶ ፍርሃት እንዳልሆነ ደጃችን ላይ ታይቷል። ሚኒሶታ በ2020 ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ቤት ፈልጎ የሚያስገባ፣ ከገቡም በኋላ እንዳይወጡ የሚደግፍ፣ በዓይነቱ ቀዳሚ የሆነ የሜዲኬይድ አገልግሎት ከፍታ ነበር። በዓመት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ የተገመተው በ2024 ከ100 ሚሊዮን በላይ ወሰደ፤ የሐሰት ሒሳብ በላው፤ ኦክቶበር 2025 ሲያልቅ ፕሮግራሙ ፈጽሞ ተዘጋ። የሰረቁት ለክሳቸው መልስ ይስጡ፤ ምንም ሳይሰርቁ ድጋፋቸውን ያጡት ግን ይግባኝ የሚሉበት ቦታ የላቸውም። በዚያው ወር ስቴቱ 14 አገልግሎቶችን ለማጭበርበር የተጋለጡ ብሎ ለየ፤ ሒሳባቸው አስቀድሞ እንዲመረመር፣ ክፍያውም እስከ 90 ቀን ሊዘገይ እንደሚችል አስታወቀ። የቤት ለቤት እርዳታውና የአረጋውያን የቀን መዋያው ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። ሦስት ወር ደመወዝ ከኪሱ መክፈል የሚችል ትንሽ ኤጀንሲ ስንት ይሆናል? በእውነት የሠራውም ካልሠራው ጋር በአንድ ወንፊት ያልፋል።

ነገሩ የሚጀምረው በሚሊዮን አይደለም። ሠራተኛዋ ልጇ ታሞባት ትቀራለች፤ በማግስቱ «እማማ፣ የትናንቱን ይፈርሙልኝ» ትላለች፤ እማማም የጎረቤት ልጅ ናትና፣ ነገም ሌላ ሰው ላይመጣላቸው ይችላልና ይፈርማሉ። የኤጀንሲው ባለቤት ያውቃል፤ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ወር አንዱ ቀን ሦስት ይሆናል፤ በዓመቱ ከክፍያው ለቤተሰቡ ማካፈል ልማድ ይሆናል። መምጣትና መሄድ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ የሚያዝዝ የፌዴራል ሕግ በ2016 ወጥቷል፤ ስልኩን ቤት ትቶ ለሚሄድ ሰው ግን ምን ያግደዋል? ምስጥ የገባበት ምሰሶ ቀለሙ ሳይለወጥ ብዙ ክረምት እንደሚቆም፣ ወረቀቱ ሁሉ እንዳማረ ውስጡ ያልቃል።

የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማንን ጎዳ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ያ ያልተሠራ ሰዓት እኮ እኚያ እናት ብቻቸውን የነበሩበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ያልተዋጠበት፣ ጎናቸው ያልተገላበጠበት፣ መታጠቢያ ቤት ወድቀው የሚያነሳ ያጡበት ሰዓት ነው። በወረቀት ላይ ግን ሰው አብሯቸው ነበር፤ ስለዚህ ማንም አይፈልጋቸውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሽምግልናችን ለዚህ ነገር መሸሸጊያ መሆኑ ነው። አዛውንት ተራቡ፣ ቼካቸውን ሌላ ሰው በላው የሚል ወሬ ሲደርሰን፣ ተሰብስበን እናስታርቃለን፤ ይቅር ተባባሉ እንላለን፤ ጉዳዩ ፈረንጅ ጆሮ ሳይገባ በመካከላችን ይለቅ እንላለን። ባልና ሚስትን፣ ወንድምና ወንድምን ያስታረቀው ይህ ጥበብ የከበረ ነው፤ እኔም በእሱ አድጌያለሁ። ግን እርቅ በእኩዮች መካከል የሚሠራ ነገር ነው፤ ከአልጋ መነሳት የማይችል ሰው ከሚያበላው እጅ ጋር ምን ዓይነት እርቅ ይታረቃል? እሺ ከማለት በቀር ምን አማራጭ አለው? የሚኒሶታ ሕግ የእንክብካቤ ሠራተኛውንም ኃላፊውንም ጥቃትን፣ ቸልታንና የገንዘብ ብዝበዛን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የስቴት የስልክ መስመርም ከ2015 ጀምሮ አለ። ይሉኝታችን ከሕጉ በልጦ ስልኩ ሳይነሳ ይቀራል።

ሜዲኬይዳችሁን አድሱ እያሉ ቤታችን ስለሚመጡት ደብዳቤዎችም አንድ ቃል ልበል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ማንም ከሜዲኬይድ እንዳይወጣ ያደረገው ከለላ በ2023 ሲነሳ በመላ አገሪቱ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሜዲኬይድ ወጣ፤ ከእነሱም አብዛኛው የወጣው በፎርምና በቀጠሮ ጉድለት ነበር። በ2025 በወጣው ሕግ ደግሞ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ይወጣሉ። በዕድራችሁ መዝገብ ስማቸው ካለ አዛውንት መካከል ማን ወረቀቱን እንዳልጨረሰ ዛሬ ጠይቁ።

በኮሚቴ የተቀመጣችሁ፣ ሪፖርቱ ተነበበ ብላችሁ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት የተከፈለው ሰዓት በምን እንደተረጋገጠ ጠይቁ። ኤጀንሲ ያላችሁም፣ ሠራተኛዋም ልጆቹም በሌሉበት ወደ አዛውንቱ ቤት አማርኛ የሚናገር፣ የሚታመን ሰው ላኩ፤ ቁጭ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሰኞ ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ምን ሠራ ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ከታይምሺቱ ጋር ካልገጠመ ሒሳቡ አይላክ። ተልኮ ከሆነም፣ የማይገባ ክፍያ መሆኑ ከታወቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ እንዲመለስ የፌዴራሉ ሕግ ያዛል፤ መርማሪ በሩን ሳያንኳኳ በራሳችሁ እጅ መልሱት።