ስም አንግዛ፣ ሩዝ እንግዛ

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አልለጠፍኩም። ስለ ወረታ የሩዝ ገበያ ስከነክነው የከረምኩትን ልጻፍ።

ባለፈው ጥር አንድ ገዢ "ንጹህ ኤክስ ጅግና፣ ያልተፈተገ፣ ፈልግልኝ" አለኝ። ከሦስት ቀበሌ አሰባሰብኩለት። ገበሬው ኤክስ ጅግና ነው አለ፣ እኔም ዘግኜ አየሁት፣ በቃ ነው ብዬ አለፍኩ። መፈተጊያ ቤት ሲገባ በነጩ መሃል ቀይ ፍሬ ብቅ ብቅ አለ። ገዢው ከጠቅላላው ጭነት ዋጋ ቆረጠ። ኋላ ላይ ሁለቱ ገበሬዎች ቤት የቀራቸውን ሲያስፈትጉ ጥርት ያለ ነጭ ሆኖ ወጣ። የእነሱ ገንዘብ በሌላ ሰው ቀይ ፍሬ ተበላ ማለት ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሳልፈትግ ስም ጠራሁ።

ነገሩ ለምን ያሳስታል? ሩዝ ገለባው ላይ እያለ ነጩም ቀዩም ያው ገለባ መሳይ ነው። ቀይ ቀለሙ ያለው ከገለባው ስር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። በዚያ ላይ የፎገራ ሜዳ የራሱ የዱር ሩዝ አለው። ቡቃያው ላይ ከዘራነው ጋር ይመሳሰላል፣ ፍሬው ግን ሳይታጨድ ይረግፍና ለከርሞ እዚያው ማሳ ላይ ይበቅላል። በአረም ጊዜ ያልተነቀለው ከአዝመራው ጋር ተያይዞ አውድማ ይገባል።

ኤክስ ጅግናም ቢሆን የዛሬ 40 ዓመት ገደማ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ጊዜ የገባ ዘር ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከጅግና ነው። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤት ጎረቤት፣ ከጆንያ ጆንያ ሲዞር ኖረ። እዚሁ ወረታ ያለው የሩዝ ምርምር ማዕከል ቆሞ፣ እነ ጉማራ፣ እነ እድገት፣ እነ ሻጋ ማሳ ላይ ገብተው እያለ፣ ገበያው ላይ ግን ነጭ የሆነ ሁሉ "ኤክስ ጅግና" ይባላል። የዘር ስም የቀለም ስም ሆኗል።

ታዲያ ዋጋ በምን ይቆረጥ? እኔ የምለው፣ ለምግብ የሚገዛ ሩዝ ከሆነ ስሙን ተዉት፣ የሚወጣውን ቁጠሩ። ለምሳሌ ከአንዱ ኩንታል 65 ኪሎ የተፈተገ ሩዝ ወጣ፣ ከሌላው 58። በአንድ ዋጋ የገዛ ሰው 7 ኪሎ ከሰረ። ይህን ኪሳራ የትኛውም ስም አይመልስለትም።

አሁን እኔ የማደርገው ይህን ነው፦

1. ከየጆንያው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እዘግናለሁ። የአንዱን ገበሬ ከሌላው አልቀላቅልም።
2. በእጄ ፈልፍዬ 100 ፍሬ እቆጥራለሁ፣ ቀዩ ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።
3. እርጥበቱን አስለካለሁ። ከ14 በመቶ በላይ ከሆነ መጋዘን ውስጥ ይበላሻል።
4. ትንሽ አስፈትጌ ስባሪውን ከድፍኑ ለይቼ እመዝናለሁ።

"ይሄ ለደላላ ሌላ የዋጋ መቁረጫ ሰበብ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆጠራው ባለቤቱ ፊት ይሁን፣ ናሙናውም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ እሱ ጋ ይቅር። ቀዩ ሲበዛ ከቀነስን ደግሞ ንጹህ ሲሆን መጨመር አለብን። ቅጣት ብቻ ያለበት ገበያ ዘሩን የሚለቅም ገበሬ አያፈራም።

ለዘር የሚገዛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ስም ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም የተቀላቀለ ዘር ማሳ ላይ እኩል አይደርስም፣ አንዱ ሲረግፍ ሌላው ገና እሸት ነው። በዓይን ደግሞ ዝርያ አይለይም። የጥራት መለያ ካርድ የሌለውን "የሻጋ ዘር" በዘር ዋጋ አትግዙ። እኔም ከእንግዲህ አላገናኝም።

ቡና ላኪዎች ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሳይቀመስ ደረጃ የሚሰጠው ቡና የለም። እንግሊዝ አገርም ባስማቲ ከሌላ ሩዝ እየተቀላቀለ ሲያስቸግር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ድብልቁ ከ7 በመቶ እንዳይበልጥ ተስማምተው በዲኤንኤ ያጣራሉ። እኛ ዲኤንኤ ባይኖረን 100 ፍሬ መቁጠር አያቅተንም።

ዩኒየኖች፣ የሚቀጥለው ምርት ኅዳር ላይ ሲገባ ጆንያው ላይ የገበሬውን ቁጥር ጻፉና ለየብቻ ተረከቡ። ያን ቢያደርጉ ኖሮ እነዚያ ሁለት ሰዎች ባልተቆረጠባቸው ነበር። የእነሱን ልዩነት ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ከደላላ ኪስ አይከፈልም።

የምትሉትን ጻፉልኝ። መልካም ገበያ።