አቤቱታ በጊዜው ይሰማ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ተብሎ የተነገረው የአባቶች ቃል፥ ሰው የሚያዝነው በጠፋበት ነገር ትልቅነት ሳይሆን በተጓደለበት ፍርድ መሆኑን ያስረዳል። ዳኛ መርምሮ የፈረደባትን በቅሎ ባለቤቷ ከጊዜ ብዛት ይረሳታል፤ ጉልበተኛ የነጠቀውን ጭብጦ ግን የልጅ ልጅ ሳይቀር ያነሣዋል። ይህን ያላስተዋለ ሹም፥ ሕዝብ ስለ ትንሽ ነገር ሲነሣ ባየ ጊዜ፥ «ይህ ሁሉ ሁከት ለዚህች ነውን?» እያለ ይደነቃል።

በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የሆነው ታሪክ ለዚህ ነገር ዋና ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያች ከተማ ነጮች በአውቶቡስ ከፊት፥ ጥቁሮች ከኋላ እንዲቀመጡ በሕግ ታዝዞ ነበር። ነጭ ተሳፋሪ ቦታ ባጣም ጊዜ ነጂው ጥቁሩን ከተቀመጠበት ያስነሣው ነበር። ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት ጥቁሮች ሲሆኑ፥ እኩል ገንዘብ እየከፈሉ እኩል መቀመጥ ግን ተከልክለው ይኖሩ ነበር።

የተበደሉት ሰዎች ፊተኛ ሥራቸው ሕግ መጣስ አልነበረም። በሜይ ወር 1954 ዓ.ም. መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን በሴቶች ማኅበራቸው ስም ለከተማው ከንቲባ ደብዳቤ ጽፈው፥ የአውቶቡሱ አሠራር እንዲሻሻል ለመኑ፤ ካልተሻሻለም ሕዝቡ በአውቶቡስ መሳፈሩን ለመተው እንደሚመካከር አስታወቁ። ደብዳቤው ግን የሚያጠግብ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ከዚህ በኋላ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ከሥራ ሲመለሱ ለነጭ ተሳፋሪ እንዲነሡ ቢታዘዙ፥ አልነሣም ብለው በተቀመጡበት ጸኑ። ፖሊስ ይዞ ሲወስዳቸው ግን አልታገሉም፤ ፍርድ ቤት ቀርበውም ከነኪሣራው 14 ብር የአሜሪካ ገንዘብ ተፈረደባቸው።

ዲሴምበር 5 ቀን ሕዝቡ በአውቶቡስ መሳፈሩን ተወ። በዚያው ዕለት ማታ በቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበው ብዙ ሕዝብ የ26 ዓመቱ ቄስ ዶክቶር ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር አደረጉ። የንግግራቸውም ኃይል ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ በመያዙ ነበር፤ ሕዝቡ በደልን ከመሸከም መድከሙን ሳይሸሽጉ ገለጡ፥ ተጋድሎው ግን ከዓመፅና ከጥላቻ የራቀ እንዲሆን አስጠነቀቁ። በመጀመሪያ የጠየቁት ነገር እንኳ እጅግ ትንሽ ነበር፤ ይኸውም ነጂዎች ተሳፋሪውን በክብር እንዲይዙ፥ ሁሉም እንደ አመጣጡ ጥቁሩ ከኋላ ነጩ ከፊት ጀምሮ እንዲቀመጥ፥ ጥቁር ነጂዎችም እንዲቀጠሩ ነበር። የከተማው ሹማምንት ይህን ትንሽ ነገር ስለ ከለከሉ፥ ጥቁሮቹ መለያየቱ ፈጽሞ እንዲሻር ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጥቂቱን ያልሰጠ ሁሉን ይሰጥ ዘንድ ግድ ሆነበት።

ሕዝቡ 381 ቀን በእግሩ እየሄደ፥ መኪና ያለውም የሌለውን እየጫነ ቆየ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 ዓ.ም. በዶክቶር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ቍጣ የያዘው ሕዝብ መሣሪያ ጭምር ይዞ ከደጃቸው ተሰበሰበ። እርሳቸው ግን ክፉውን በክፉ እንዳይመልስ ለምነው ወደየቤቱ አሰናበቱት። በሚቀጥለው ወር መሪዎቹ በ1921 ዓ.ም. በወጣ ሕግ በተከሰሱ ጊዜ፥ እንደ ወንጀለኛ በመሸሸግ ፋንታ ብዙዎቹ በገዛ እግራቸው እየሄዱ እጃቸውን ሰጡ። በመጨረሻም ኖቬምበር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ውስጥ ሰውን በቀለሙ መለየት ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር የማይስማማ መሆኑን አጸና።

አንዳንድ ሰው፥ «ለፍትሕ የቆመ ሰው እንዴት ሕግን ይጥሳል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሌባ ሕግን የሚያፈርሰው በጨለማ ነው፥ ሲያዝም ይክዳል። እነዚህ ሰዎች ግን የተቃወሙትን ትእዛዝ በቀን ብርሃን አስታውቀው አልፈጽምም አሉ፥ ቅጣቱንም ሳይሸሹ ተቀበሉ። ቅጣትን ወድዶ የሚቀበል ሰው አንዱን ክፉ ትእዛዝ ይቃወማል እንጂ የሕግን አምላክነት አይክድም። ንግግሩም የሚታመነው ስለዚህ ነው፤ ዋጋ ያልተከፈለበት ቃል ነፋስ ነውና፥ ቃል የሌለውም እንቢታ ሁከት ተብሎ ይቀራል።

ይህ ነገር ይልቁን የተገለጠው በ1963 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ ነው። በዚያ ፍርድ ቤት ሰልፍ እንዳይደረግ ቢከለክልም፥ ዶክቶር ኪንግ በስቅለት ዓርብ ኤፕሪል 12 ቀን ተሰልፈው ታሰሩ። በዚያው ዕለት ስምንት የነጮች የሃይማኖት አባቶች፥ ጥቁሮቹ ሰልፉን ትተው በፍርድ ቤትና በንግግር ብቻ እንዲታገሱ የሚመክር ጽሑፍ አወጡ። እነዚህ አባቶች ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚበዙት ከጥቂት ወራት በፊት የፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲከበር በአደባባይ መክረዋል። ስሕተታቸው ሰልፉ ስላመጣው ጭንቅ ሲያዝኑ፥ ሰልፉን ስላመጣው በደል እንደዚያው አጥብቀው አለመናገራቸው ነበር።

ዶክቶር ኪንግ ከእስር ቤት በጋዜጣ ኅዳግ ላይ መጻፍ የጀመሩት መልስ ለሹምም ለካህንም የሚጠቅም ትምህርት ነው። ሕጉ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ቅዱስ አውግስጢኖስን ጠቅሰው አስረዱ፤ ብዙው ጥቂቱን የሚያስርበት፥ ራሱን ግን የማያስርበት ሕግ ፍትሕ የጎደለው መሆኑን ገለጡ። የሠለስቱ ደቂቅንም ነገር አነሡ፤ እነርሱ የናቡከደነፆርን ትእዛዝ እንቢ ሲሉ ወደ እቶኑ ከመጣል አልሸሹምና። ስለ ትዕግሥትም ሲመልሱ፥ ሲነገራቸው የኖረው «ቆዩ» የሚለው ቃል ዘወትር «አይሆንም» ማለት ሆኖ መገኘቱን አመለከቱ። በእኛም አገር «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ እውነት ነው፥ ነገር ግን እናቲቱ የታቀፈችው እንቍላል ነው እንጂ ማንም ያላሞቀው እንቍላል ቢቆይ ይገማል እንጂ አይፈለፈልም።

የዚያ ተጋድሎ ፍሬ በሕግ ታየ። ኦገስት 28 ቀን 1963 ዓ.ም. 250,000 የሚያህል ሕዝብ በዋሺንግቶን በሰላም ተሰልፎ የዶክቶር ኪንግን ንግግር ሰማ። ጁላይ 2 ቀን 1964 ዓ.ም. በሕዝብ መገልገያ ስፍራና በሥራ ቅጥር ሰውን በዘሩ መለየት የሚከለክል ሕግ ታወጀ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የመምረጥን መብት የሚጠብቅ ሕግ ተጨመረ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በሴፕቴምበር 1963 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ቤተ ክርስቲያን በተጣለ ቦምብ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። የስቅለት ዓርብ ቅጣት በ1967 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጽናቱ ዶክቶር ኪንግ እንደ ገና ወደ እስር ቤት ገቡ፤ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ዓ.ም. ደግሞ በጥይት ተገደሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ለሦስት ወገን ነው። መብቱን የሚጠይቅ ሰው እጁን ከድንጋይና ከእሳት ይጠብቅ፤ የሚያቃጥልና የሚደበድብ የገዛ አቤቱታውን ያቃጥላልና። ካህን ደግሞ ለማስታረቅ ከመነሣቱ አስቀድሞ በደሉን ይመርምር፤ በዳይና ተበዳይ እኩል ዝም እንዲሉ ማድረግ ዕርቅ አይባልም። ሹም ግን ከሁሉ ይልቅ ያስብ። «የተጠማ ከፈሳሽ፥ የተበደለ ከነጋሽ» ይባላል፤ ፈሳሹ ቢደርቅ የተጠማው ሌላ ውኃ ይፈልጋል እንጂ ጥሙን አይረሳም። የሞንትጎመሪው ከንቲባ በአንዲት መምህርት ደብዳቤ ሊፈጽመው ይችል የነበረውን ነገር፥ ከተማው 381 ቀን ተጨንቆ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈጸመው። ሕዝብ «በሕግ አምላክ!» እያለ መጮኹ ሕግን ገና ስለሚያምን ነው። ስለዚህ ሹም የሚፈራው የሚጮኸውን ሰው ሳይሆን፥ ጮኾ ጮኾ ሰሚ በማጣቱ ዝም ያለውን ይሁን፤ በጠረጴዛው ላይ ያለውንም አቤቱታ ዛሬውኑ ገልጦ ይመልከት።