መልኩ የትልቁ፣ ጉልበቱ የትንሹ

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ መደብሮች መስታወት ሥር መንታ የሚመስሉ ሁለት ሽጉጦች ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት የተለመደ ነው። አንደኛው ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር ከ1911 እስከ 1985 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋና ሽጉጡ አድርጎ የያዘው፣ 1911 የሚባለው ባለ .45 ነው። ቅርጹ ለእኛም አገር ዓይን እንግዳ አይደለም፤ ስሙ በፖሊስ መግለጫ ደጋግሞ የሚነሳው የስፔኑ ስታር ታዋቂ ሞዴሎቹን በመልክ የቀዳው ከዚሁ ሽጉጥ ነው። ሁለተኛው ያንኑ እጀታ፣ ያንኑ መዶሻና ያንኑ ጥበቃ ይዞ የሚተኩሰው ግን ትንሿን የ.22 ጥይት ነው። ዋጋውም ከታወቀው የኮልት ምርት ግማሽ አይሞላም። ገዢዎች በብዛት የሚጠይቁት ከእነዚህ ቅጂዎች የትኛው ዋናውን ይበልጥ እንደሚመስል ነው። እኔ ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት መልኩ ከምን ላይ ተቀንሶ እንደተገኘ ነው። ባለ ካዝና በሆነው ሽጉጥ መልክ የሚከፈለው ከመሣሪያው አንጀት ተቆርጦ ነው፤ በስድስት ጎራሹ ደግሞ ከሞላ ጎደል በነጻ ይገኛል። ምርጫውን መወሰን ያለበት ይህ ልዩነት ነው።

ምክንያቱ ያለው ጥይቱ ላይ ነው። የትልቁ ሽጉጥ ጥይት ቀለህ ቂጡ መሐል ላይ ባሩዱን የምታቀጣጥል ካፕሱል አለችው፤ መርፌው እሷን ይመታል። የ.22 ጥይት ካፕሱል የለውም። የሚለኩሰው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተሞልቶ መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይፈነዳል። አሠራሩ የቆየ ነው። ስሚዝና ዌሰን አጭሩን የ.22 ጥይት ያወጡት በ1857 ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚተኮሰው ረጅሙ .22 የተወለደው በ1887 በስቲቨንስ ኩባንያ ነው። ቅመሙ ዙሪያውን እኩል ካልተዳረሰ መርፌው ባዶ ቦታ መትቶ ጥይቱ ሊከሽፍ ይችላል። ወጣ ያለው ጠርዝ ካዝና ውስጥ አንዱ ጥይት ሌላውን እንዲይዝ ያደርጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን የጉልበት ማነስ ነው። የ.45 አረር 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለው ጉልበትም ወደ 480 ጁል ይደርሳል። የ.22 አረር ከሦስት ግራም በታች ነው፤ ከሽጉጥ ሲተኮስ 135 ጁል ያህል ቢኖረው ነው። ባለ ካዝና ሽጉጥ ደግሞ ባዶውን ቀለህ የሚተፋውና አዲሱን የሚያጎርሰው፣ ጥይቱ ወደ ኋላ በሚመልሰው ግፊት ከላይ ያለውን ተንሸራታች ክፍል እየገፋ ነው። የ.45 ተንሸራታች ከአረብ ብረት የተሠራና ከባድ ነው። ትንሿ ጥይት ልትገፋው ብትሞክር ጉልበቷ አይበቃም።

ይህን ቀድመው ከተጋፈጡት አንዱ ኮልት ራሱ ነው። በ1931 ኤስ የተባለውን የ1911 ታናሽ ወንድም በ.22 ሲያወጣ ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ውድ የሆነውን የ.45 ጥይት ሳያባክኑ በዚያው ቅርጽ መለማመድ። ተንሸራታቹን ከውስጥ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አቀለለውና ሠራ፤ ነገር ግን ተኳሹ እጁ ላይ የሚሰማው ምት ከ.45 ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። ኮልት ቀጥሎ የወሰደው የዴቪድ ማርሻል ዊሊያምስን ብልሃት ነው። ዊሊያምስ በሰሜን ካሮላይና በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት እስር ቤት ሆኖ መሣሪያ ይነድፍ የነበረ ሰው ነው፤ ሆሊውድ በ1952 ታሪኩን በጄምስ ስቱዋርት ተዋናይነት ፊልም አድርጎታል። የፈጠረው ከአፈሙዙ ተለይቶ ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ የጥይት ማረፊያ ነው። ጋዙ ከጥይቱ ቂጥ በሚሰፋ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ምቱ ተባዝቶ የትልቁን ሽጉጥ ምት መምሰል ጀመረ። ሰርቪስ ኤስ የተባለው ይህ ሞዴል ለሠራዊቱ ልምምድም ተገዝቷል። ታዲያ እርሳሱና ጥላሸቱ በተንቀሳቃሹ ማረፊያ ዙሪያ ስለሚከማች ቶሎ ቶሎ ካልጸዳ ይነክሳል። እንግዲህ ይህ በኮልት ደረጃ ያለ ፋብሪካ፣ በአረብ ብረትና ዋጋ ሳይቆጥብ ያገኘው ውጤት ነው። መጀመሪያ ምቱን አጥቶ ተንሸራታቹን አዳነ፤ ቀጥሎ ምቱን አግኝቶ ንጽሕናውን ሰጠ።

የዛሬዎቹ አምራቾች መንገዱን በሌላ በኩል ዞረውታል፤ ብረቱን ቀይረዋል። የጀርመኑ ጂ ኤስ ጂ ሙሉ መጠን ያለው 1911 በ.22 ይሠራል። ተንሸራታቹ ከዚንክ ቅይጥ የተቀዳ ሲሆን የሽጉጡ ክብደት ወደ አንድ ኪሎ ስለሚጠጋ ከዋናው ጋር ሲያዝ ብዙም አይራራቅም። የብራውኒንግ ኩባንያ በ2011 ያወጣው 1911-22 ግን ሙሉ መጠኑን ትቶ ቅርጹን ወደ 85 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ በአሉሚኒየም ተሠርቶም ከግማሽ ኪሎ በታች ሆነ። ልጁን የአባቱን ኮት ከማልበስ በልኩ ማሰፋት ነውና እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ትንሽ እጅ ላለው ሰው ይመቻል፤ ደግሞም ትንሽነቱን አይደብቅም። ዘመናዊው ግሎክ እንኳ ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ሞዴል 44 በቁመትና በወርድ የታወቀውን ሞዴል 19 ያህላል፤ ሆኖም ተንሸራታቹ ከፊሉ ፕላስቲክ ሆኖ ክብደቱ ከሞዴል 19 በሩብ ኪሎ ገደማ ያንሳል። ለዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት የሚሆነውን ብረት .22 እንዲገፋው ማድረግ ስላልተቻለ ነው።

እዚህ ላይ በሱቅ መደርደሪያ ዙሪያ የሚሰማ መከራከሪያ አለ። «ዚንክ ቢሆን ምን አለበት? የ.22 ግፊት እኮ ዝቅተኛ ነው» ይባላል። ግማሹ ስህተት ነው። የአሜሪካ የጥይት አምራቾች መለኪያ ለረጅሙ .22 የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 24,000 ፓውንድ ሲሆን ለ.45 የሚፈቅደው 21,000 ነው። ትንሿ ጥይት በግፊት ትልቁን ትበልጣለች ማለት ነው። የምታንሰው ግፊቱ በሚያርፍበት ስፋት ነው፤ ቂጧ ጠባብ ስለሆነ ተንሸራታቹ ላይ የሚደርሰው ጠቅላላ ኃይል ከ.45 በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ የዚንክ ተንሸራታች ይፈነዳል ብሎ የሚያስፈራራ ሰው እውነት የለውም፤ ግፊቱን የሚችለው የአፈሙዙ ውስጠኛ ክፍልም አረብ ብረት ነው። ነገር ግን ዚንክ ለስላሳ ነው። መንሸራተቻ ሐዲዱ፣ የብሎን ጥርሱና የመያዣ ፒኖቹ ቀዳዳ እየተበሉ ይሄዳሉ። ርካሽ ጥይት የሚገዛ ሰው ደግሞ ብዙ ይተኩሳል፤ .22 የተገዛበት ምክንያትም ይኸው ነው። መሣሪያው ከሚበላሽበት ነገር ጋር የተገዛበት ዓላማ አንድ መሆኑ ለእኔ ትልቁ ነቀፌታ ነው።

መልክን እንዴት መዋስ እንደሚቻል ካስተማሩት ውስጥ ቢል ሩገር ይበልጥብኛል። በ1949 ከአሌክሳንደር ስተርም ጋር በኮነቲከት ያቋቋመው ፋብሪካ የመጀመሪያ ምርቱን ባለ .22 ሽጉጥ ሲያወጣ ያየው ሁሉ የጀርመኑን ሉገር አስታወሰ፤ ቀጭን አፈሙዝ፣ ወደ ኋላ የተኛ እጀታ። ውስጡ ግን ከሉገር ጋር ዝምድና የለውም። አሠራሩን የቀሰመው ከጃፓኑ ናምቡ ሽጉጥ ሲሆን፣ ከላይ የሚንሸራተት ክፍል ትቶ በክብ ቱቦ ውስጥ የሚመላለስ ትንሽ ብሎክ አስገባበት። ብሎኩ ከመጀመሪያው ለ.22 ተመዝኖ የተሠራ ስለሆነ ብረቱን በዚንክ መቀየር አላስፈለገውም። ማነጣጠሪያው የማይንቀሳቀስ ቱቦ ላይ ስለተተከለ ከጥይት ጥይት አይናወጥም። እጀታው ሁለት የላሜራ ቁራጮች ተጋጥመውና ተበይደው የተሠራ በመሆኑ በ37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተሸጠ። የዚህ ሽጉጥ ዘሮች ዛሬም ይመረታሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው 22/45 ከ1911 የወሰደው የእጀታውን ማዕዘን፣ የጥበቃውን ቦታና የካዝና መልቀቂያውን ብቻ ነው። እጅ የሚያውቀውን ወሰደ፤ ዓይን የሚወደውን ተወ። መስታወት ሥር ሲታይ ማንንም አያታልልም፤ ተይዞ ሲተኮስ ግን የ1911 ባለቤት ጣቶቹ ቦታቸውን ሳይፈልጉ ያገኙታል።

ስድስት ጎራሹ ጋ ሲደረስ ክርክሩ ይቀየራል። የኮልቱ የ1873 ሽጉጥ፣ ማለትም የካውቦይ ፊልም ሁሉ ሽጉጥ፣ የሚንሸራተት ክፍል የለውም። የጥይት ማቀፊያውን የሚያሽከረክረው መዶሻውን የሚስበው አውራ ጣት ነው እንጂ የጥይቱ ግፊት አይደለም። ስለዚህ ጥይቱ ደካማ ቢሆን መሣሪያው ግድ የለውም። አጭሩንም ረጅሙንም፣ ቀርፋፋውንም ፈጣኑንም ይተኩሳል። ጥይት ቢከሽፍ መዶሻውን ደግሞ መሳብ ነው፤ ቀጣዩ ይመጣል። ሩገር፣ ኮልት ይህን ሽጉጥ ማምረት ባቆመበትና የምዕራብ ፊልም በቴሌቪዥን በተስፋፋበት ጊዜ፣ በ1953 ሲንግል ሲክስን በ.22 አወጣ፤ ኮልት ገበያውን አይቶ ወደ ራሱ ሽጉጥ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ2019 የመጣው የሩገር ራንግለር አካሉን አሉሚኒየም ቅይጥ አድርጎ በ249 ዶላር ዋጋ ቀረበ። አካሉ ላይ የሚመታ ከባድ ተንሸራታች ስለሌለ በዚህ መሣሪያ ላይ ቀላል ብረት የባሰ ቅጣት አያመጣም። የሄሪቴጅ ራፍ ራይደርም ከሁለት መቶ ዶላር በታች ይገኛል። በብዙዎቹ ላይ ማቀፊያውን አውጥቶ በ1959 የመጣውን ማግነም .22 የሚተኩስ ሌላ ማቀፊያ መግጠም ይቻላል። በየትኛውም ባለ ካዝና ቅጂ ይህን ያህል ነገር በዚህ ዋጋ አይገኝም።

መልክን ጠብቆ መሥራት እዚህም አንድ ጊዜ አደጋ አምጥቷል፤ መሸፈን የለበትም። የ1873ቱ ኮልት ስድስት ጥይት ጎርሶ መዶሻው ከወረደ መርፌው ጥይቱ ላይ ያርፋል። ሽጉጡ ወድቆ መዶሻው ቢመታ ይተኩሳል። የቀድሞ ሰዎች አምስት ብቻ ጎርሰው መዶሻውን ባዶ ቀዳዳ ላይ የሚያሳርፉት ለዚህ ነበር። የመጀመሪያው ሲንግል ሲክስ ይህንንም ጠባይ ከአባቱ ወረሰ። ሩገር በ1973 ምላጩ ካልተሳበ በቀር መዶሻው መርፌውን እንዳይነካ የሚያደርግ አሠራር ያስገባ ሲሆን፣ ኋላ ላይ የቆዩትንም ያለ ክፍያ እቀይራለሁ አለ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው የሽጉጡን ጎን ይይ፤ ሦስት ብሎን ካለው የድሮው ነው፣ ተቀይሮ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ራፍ ራይደር ደግሞ ዋናው ኮልት የማያውቀውን የጥበቃ ማንሻ በግራ ጎኑ ለጥፏል። መልክ ወዳዶች ያበላሸዋል ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን የድሮው ዓይነት ሽጉጥ መውደቅ የሚያስከትለውን እያወቅኩ ስለ ውበት አልከራከርም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው የልምምዱ ነገር ነው። የ.45 አንድ ጥይት በሚገዛበት ገንዘብ በርካታ የ.22 ጥይት ይገዛል። ባለ 1911 የሆነ ሰው በዚያው እጀታ፣ በዚያው ጥበቃና በዚያው ምላጭ ደጋግሞ መተኮሱ ስድስት ጎራሽ በመያዝ የማያገኘው ጥቅም አለው። እውነት ነው። ስድስት ጎራሹ በጎኑ በር አንድ በአንድ ስለሚጎርስ ቀርፋፋ ነው፤ ለዘመናዊ ሽጉጥ የሚሆን የእጅ ልማድም አያስተምርም። ሆኖም ከ1911 ባለቤቶች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ሁለተኛ ሽጉጥ አይመስለኝም። በራሳቸው ሽጉጥ እጀታ ላይ የሚገጠም የ.22 የላይኛ ክፍል ይሸጣል። ምላጩ የራሳቸው፣ ክብደቱም የሚቀርብ ይሆናል። ከዚንክ የተቀዳው ቅጂ ግን ምላጩ የሌላ ነው፤ ምቱም የሌላ ነው። ከ.45 ትምህርት ዋነኛው ሽጉጡ ዘልሎ ሲመለስ እጅን መግዛት ሲሆን ይህን .22 በምንም መልኩ አያስተምርም። ዓይን ሳይጨፍኑ ማነጣጠርንና ምላጭን በእርጋታ መሳብን ግን ያስተምራል፤ እነዚህን ደግሞ ማንኛውም ጥሩ ምላጭ ያለው .22 ያስተምራል፣ ምንም ቢመስል።

ስለ መዝናናት የሚነሳውን አልቃወምም። አንድ ሰው የወደደውን መልክ በትንሽ ገንዘብ ቢገዛና በዒላማ ሜዳ ቢደሰት መብቱ ነው። የምቃወመው የመጫወቻ ስሜቱን ነው። የዚህች ጥይት ሣጥን ላይ የሚታተመው ማስጠንቀቂያ አረሩ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ይናገራል። ሕጉም ትንሽ ነው ብሎ አያልፍም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሜሪላንድ በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ጣት አሻራ ሰጥቶና ሥልጠና ወስዶ የብቃት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ .22 ነው ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም። በአገር ቤትም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ሲከለክል በጥይቱ መጠን አልለየም። ራሱን ለመከላከል ብሎ .22 የሚገዛ ካለም፣ ካፕሱል ካለው ይልቅ የመክሸፍ ዕድሉ የሰፋ ጥይት እንደሚመርጥ ይወቅ።

ብይኔን ለሚጠይቅ ይኸው። 1911 ያለው ሰው የላይኛውን ክፍል ብቻ ይግዛ። 1911 የሌለውና እጁ ያን ቅርጽ የወደደለት 22/45ን ይያዝ፤ ትንሽ እጅ ያለው ብራውኒንግን። የድሮ ሽጉጥ መልክ የናፈቀው ደግሞ ስድስት ጎራሹን ይውሰድ፤ ያገለገለ ከሆነ ብሎኖቹን ቆጥሮ። የዚንኩን 1911 መስታወቱ ሥር ይተወው።