የከተራው ውኃና የከተማው አደራ

የዛሬውን ዕለት አባቶቻችን «ከተራ» ብለው የሰየሙት ውኃ የሚከተርበት ቀን ስለሆነ ነው። ከተረ ማለት ገደበ፣ አገደ ማለት ነው። ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ከመውረዳቸው አስቀድሞ የአጥቢያው ሰው መቆፈሪያና አካፋውን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ድንጋይ ይደረድራል፣ በጭቃ ይመርጋል፣ የሚፈሰውን ውኃ አጠራቅሞ ለማግሥቱ ያዘጋጃል። እንግዲህ ዋዜማው ስሙን ያገኘው ከዝማሬውም ከእልልታውም ሳይሆን ከሥራው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነውም ይኸው ሥራ በዛሬዎቹ ከተሞቻችን የማን አደራ እንደሆነ ነው።

ነገሩን በጎንደር እንመልከተው። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ እንዳሠሩት የሚነገርለት ጥምቀተ ባሕር በግንብ የታጠረ፣ በመካከሉ ሕንፃ የቆመበት፣ የዛፎች ሥር ቅጥሩን አቅፎ የያዘበት ድንቅ ስፍራ ነው። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርምና ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ይህ ከተራ በአንድ አጥቢያ ጉልበት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ቦዩን መጥረግ፣ ገንዳውን ማጽዳት፣ ውኃውን በጊዜው መልቀቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከየአገሩ ለሚጎርፈው ሕዝብ መቆሚያና መውጫ ማዘጋጀት የከተማ አስተዳደርን ዐቅም የሚጠይቅ ነው።

ይህንን የምንለው ለወግ ያህል አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለ ጥምቀትን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ደስታው ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዚያው በጎንደር ጥምቀተ ባሕር ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ነጭ ለብሰው፣ ጸበል ሊረጩ የወጡ ሰዎች ነበሩ። እነርሱን በጸሎት ማሰብ ይገባናል፤ ነገር ግን ጸሎታችን እውነተኛ የሚሆነው ከጥፋቱ የተማርን እንደሆነ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ብሎ ማለፍ በመካከላችን የተለመደ ነው። ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚነገር ቃል ሆኖ ሳለ ቸልተኝነትን መሸፈኛ ሲሆን ግን ልንቀበለው አንችልም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። እግዚአብሔር ሕይወትን በእጁ የያዘ መሆኑ የሠሪውን ኃላፊነት አላነሣለትም። ለአንድ ቤት ሰገነት ሕግ የተሠራ ከሆነ ብዙ ሰው ለሚሸከም ርብራብ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባ ይሆን?

ሌሎች ደግሞ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷልና የከተማ አስተዳደር በጥምቀት ምን አገባው ይላሉ። መለየቱ ትክክል ነው። ማዘጋጃ ቤት ውኃውን አይባርክም፣ ሥርዓተ ጸሎቱንም አይመራም። ካህንም የርብራብን ጽናት አይለካም። የባረከው ካህን ነው፤ የሚጠይቀው ግን የግንቡና የመንገዱ ባለአደራ ነው። ሁለቱ ሥራቸውን ለይተው ካልያዙ አንዱ በሌላው እያመካኘ መሐል ላይ የሚጎዳው ምእመኑ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች በየዓመቱ ለሚመላለስ ነገር የሚያደርጉትን ዝግጅት መመልከትም አይከፋም። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ የእኛ ጥምቀት በሚውልበት የብርድ ወር ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ በማቀዝቀዣ መሣሪያ ውኃ እየረጋበት የበረዶ መንሸራተቻ ይሆናል፤ ወቅቱ ሲያልፍም ይነሣል። ያ ጨዋታ ነው፤ የእኛ ግን አምልኮ ነውና ክብራቸው አይነጻጸርም። ዳሩ ግን ለጨዋታ የሚታሰበው ጥንቃቄ ለአምልኮ ሲጎድል ማየት ያሳፍራል። ጥምቀት ድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቀኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ስለሆነም ዝግጅቱ ከበዓሉ ሳምንታት በፊት ቢጀመር፣ ርብራብ የሚሠራ ከሆነ መሐንዲስ ሳይፈትሸው ማንም እንዳይወጣበት ቢደረግ፣ የሚይዘው ሰው ቁጥር በግልጽ ቢጻፍና ቢከበር፣ ለሐኪም መግቢያ የሚሆን መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን እንላለን። ቦታ ሲደለደልም በመቀመጫ ከሚመለከተው ጎብኚ ይልቅ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ቅድሚያ ይሰጥ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የታመመው ሰው ውኃው በተናወጠ ጊዜ ሌላው እየቀደመው ይቀር እንደነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ነግሮናል። ግፊያና ሽሚያ ያለበት ጸበል ደካማውን ዛሬም ያስቀረዋል።

ከዚህ የቤተሰብም ድርሻ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች «እዚህ ላይ አትውጡ» ሲሉን «በበዓል ቀን ማን ይከለክለኛል» ማለት ከክርስቲያን አይጠበቅም። አባትና እናት ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው ይውረዱ፤ ጎረምሶችም ውኃው ተባርኮ ሳያልቅ ዘለው ከመግባት ይታገሡ። ጌታችን ወደ ዮርዳኖስ የመጣው ተራውን ጠብቆ፣ በባሪያው እጅ ሊጠመቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው። ይህን ትሕትና እያከበርን እርስ በርሳችን ብንጋፋ በዓሉን በአፋችን ብቻ አከበርነው ማለት ነው።

አባቶቻችን ውኃ ሲከትሩ ድንጋዩን አጥብቀው ይደረድሩ የነበረው ሌሊቱን ግድቡ ቢፈርስ ጠዋት ሕዝቡ ያለ ጸበል እንደሚቀር ስለሚያውቁ ነበር። የዛሬው ግድባችን የሰው ሕይወት ነውና አጥብቀን እንደርድረው። ታቦታቱን በሰላም አውርደን በሰላም እንድንመልስ የአምላካችን ቸርነት አይለየን።

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።