ዊንዶውስ 10 አበቃለት፤ ላፕቶፓችሁስ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ ግን በማግስቱ አልተዘጋም። ዛሬም ይከፈታል፣ ፊልም ያጫውታል፣ ወርድም ይሠራል። ብዙዎቻችን ዜናውን ሰምተን "እና ምን ይሁን?" ብለን ያለፍነው ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ከእንግዲህ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ዊንዶውስ 11 ላይ ይደፈናል፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ክፍት ይቀራል። ይሄ ዝም ብሎ ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ ሲያስፈታ፣ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተመቱት መድፈኛውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው።

"ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 ላሳድገው" የሚል ሰው እዚህ ጋ ይጋጫል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ደግሞ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ካልሆነ አይቀበልም። እኛ አገር ተማሪውና ጀማሪ ሠራተኛው የሚገዛው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ኮር አይ ፋይቭ፣ 6ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም። ምንም ያልጎደለው ማሽን "አልፎበታል" ተባለ ማለት ነው። የፈረደበት ደግሞ ዕቃው ራሱ ሳይሆን ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ድርጅት ነው።

ማይክሮሶፍት አንድ ማስታገሻ ትቷል። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ተጨማሪ ማሻሻያ አለ፤ ዋጋው 30 ዶላር ነው። የኮምፒውተራችሁን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር ካገናኛችሁ ግን በነፃ ይሰጣችኋል። ጊዜ ለመግዛት ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት። ነገሩን ግን አንድ ዓመት ይገፋዋል እንጂ አይፈታውም።

ሌላው መንገድ ሊነክስ ነው። ስሙ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ በእጃችሁ የያዛችሁት አንድሮይድ ስልክ የተሠራው በሊነክስ ከርነል ላይ ነው። ሳታውቁት ለዓመታት ስትጠቀሙበት ኖራችኋል። ለጀማሪ እኛ የምንመክረው ሊነክስ ሚንትን ነው፤ መልኩ ለዊንዶውስ ይቀርባል፣ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ 22ኛው ቨርዥን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። ገንዘብ አይጠይቅም። ክራክ የለ፣ "አንቲቫይረሱን አጥፋና ይሄን ክፈት" የሚል አክቲቬተር የለ። እውነቱን እንነጋገርና ብዙ ቫይረስ ወደ ቤታችን የገባው በዚያ በር ነው።

ግን "ሊነክስ ጫኑና ተገላገሉ" ብለን አናታልላችሁም። አካውንቲንግ የምትማሩና ፒችትሪ የሚያስፈልጋችሁ፣ አውቶካድ ወይም ፎቶሾፕ እንጀራችሁ የሆነ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ለሊነክስ አልተሠሩም። ማስመሰያ መንገዶች አሉ፣ ለፈተና ሳምንት ግን አይታመኑም። ወርድና ኤክሴልን ሊብሬኦፊስ ይተካል፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለአማካሪ ስትልኩ ግን ገጹና ሰንጠረዡ ሊዛነፍ ስለሚችል በፒዲኤፍ ላኩት። አማርኛው ራሱ ችግር የለበትም፤ አይባስ የሚባለውን መጻፊያ ከነአማርኛው ጥቅል ስትጭኑ እንደለመዳችሁት በድምፅ ትጽፋላችሁ። ራስ ምታቱ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ፋይሎች ናቸው፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ፎንቶቹን ቀድማችሁ ኮፒ አድርጉ።

ትልልቆቹም በዚህ ተፈትነዋል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊነክስ ለመሄድ ወስና በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቿን ከቀየረች በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነች። በ2024 ደግሞ እዚያው ጀርመን የሽለስቪግ-ሆልሽታይን ግዛት 30,000 ገደማ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ከማይክሮሶፍት ለማላቀቅ መወሰኑን አስታወቀ። አንዱ ተመለሰ፣ ሌላው ጀመረ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ መልመዱ ግን ጊዜ ያስከፍላል።

ደግነቱ ለመሞከር መወሰን አያስፈልጋችሁም። የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ፓኬጃችሁን አትጨርሱ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱትና ለጓደኛም አካፍሉ። 8 ጊጋ ፍላሽ ውሰዱ፣ ውስጡ ያለው ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። ሩፈስ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉን ፍላሹ ላይ ጻፉት። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ኤፍ12ን ወይም ኤፍ9ን ደጋግማችሁ ንኩ (ቁልፉ እንደ ላፕቶፑ ስሪት ይለያያል)፣ ፍላሹን ምረጡ። ሊነክሱ ከፍላሹ ላይ ይከፈታል፤ ሃርድ ዲስካችሁ አልተነካም። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይወጣል? ካሜራው ይሠራል? ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ሞክሩት፤ ከፍላሽ ስለሆነ ቀርፋፋ መሆኑን አትፍረዱበት።

ለመጫን ከቆረጣችሁ መጀመሪያ ፎቶውንም ሰነዱንም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ሲጭን "ዲስኩን አጥፋ" የሚለውን ከመረጣችሁ ዊንዶውሱም ፋይሉም አብሮ ይሄዳል፤ "ከዊንዶውስ ጎን ጫን" የሚለው ሁለቱንም ያኖርላችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛው ይሻላል፣ ፒችትሪ ለሚያስፈልገው ደግሞ ግድ ነው። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ሥሩ፣ መብራት የሚመጣ የሚሄድበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሙሉ ይሁን። መሃል ላይ ከጠፋ ሁለቱም ላይከፈቱ ይችላሉ።

ከፍላሽ ሞክራችሁ ዋይፋዩ እምቢ ያላችሁ ካላችሁ የላፕቶፑን ሞዴል ኮመንት ላይ ጻፉት፤ ያንኑ ሞዴል ያስነሳ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም።